ከሶማሊያ መውጣት ወይስ መቆየት? ለወታደር ቤተሰብ ያልተነገረው ሒሳብ

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ የተመሠረቱ ከተሞች ናቸው። ከሦስቱ መንገዶች አንዱም ወደ ሶማሊያ አያመራም። ሆኖም የአገር መከላከያ ሠራዊት የምልመላ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር፣ እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ሁሉ፣ ከእነዚህ ከተሞችና በዙሪያቸው ከሚገኙ የገበሬ ቀበሌዎች ወጣቶች ይመዘገባሉ፤ ከተመዘገቡትም መካከል ምድባቸው ባይዶዋ፣ በለደወይን ወይም ዶሎ የሚሆን አይታጡም።

የኢትዮጵያ ጦር በ1999 ዓ.ም. በይፋ ወደ ሶማሊያ ከዘመተ ሁለት አሥርት ዓመታት ሊሞሉ ተቃርበዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ «ይውጣ ወይስ ይቆይ» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ተነሥቷል። በየጊዜው መልስ የሰጡት ዲፕሎማቶችና የጦር አዛዦች ሲሆኑ፣ ልጁን የላከው ቤተሰብ ግን ውሳኔውን የሚሰማው ካለቀ በኋላ በሬዲዮ ነው። አደባባይ የወጣ ተቃውሞ ስላልነበረ ዘመቻው የሕዝብ ድጋፍ አለው ማለት አይደለም። በገበያና በለቅሶ ቤት ዝቅ ባለ ድምፅ የሚነሣው ጥያቄ «እዚያ ምን አለን?» የሚል ነው።

የክርክሩ ችግር ሁለት ቃላት ብቻ ይዞ መቆየቱ ነው፦ መውጣትና መቆየት። ያለፉት ዓመታት ታሪክ እንደሚያሳየው ግን ጉዳት ያስከተለው መውጣቱ ራሱ ሳይሆን ተረካቢ ሳይዘጋጅ መውጣቱ ነው። መቆየቱም ያከሰረው የጊዜ ገደብና የሒሳብ መዝገብ ስላልነበረው ነው።

ሁለት ዓመት የሆነው «ጥቂት ሳምንት»

የተወካዮች ምክር ቤት ኅዳር 21 ቀን 1999 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ፣ በወቅቱ አብዛኛውን የደቡብ ሶማሊያ ክፍል ይቆጣጠር በነበረው የእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት ላይ መንግሥት አስፈላጊውን ሕጋዊ እርምጃ እንዲወስድ ፈቀደ። ከተቃዋሚ ፓርቲዎች ወገን የነበሩ እንደራሴዎች ጥርጣሬያቸውን ቢገልጹም ውሳኔው በአብላጫ ድምፅ አለፈ። ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን፣ የኢትዮጵያ ጦርና የሶማሊያ የሽግግር መንግሥት ኃይሎች ሞቃዲሾን ያዙ። የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር አቶ መለስ ዜናዊ ጦሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተልዕኮውን ፈጽሞ እንደሚመለስ አስታወቁ።

ጦሩ የተመለሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። የአፍሪካ ኅብረት ስምንት ሺሕ ሰላም አስከባሪ ለመላክ ቢወስንም እስከ 2001 ዓ.ም. መግቢያ የደረሱት የኡጋንዳና የብሩንዲ ወታደሮች ብቻ ሲሆኑ፣ ቁጥራቸውም የታሰበውን ግማሽ አይሞላም ነበር። በዚህ መካከል ሞቃዲሾ የጎዳና ውጊያ ሜዳ ሆነች። በ2007 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ብቻ ስድስት መቶ ሺሕ ያህል ነዋሪዎች ከተማዋን ጥለው እንደሸሹ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አስታውቋል። በመኖሪያ ሰፈሮች ላይ የወደቀው የከባድ መሣሪያ ተኩስ ብዙ ሰላማዊ ሰዎችን ገድሏል። የሶማሊያ ሕዝብ ስለ ኢትዮጵያ ጦር ያለው ምሬት ዛሬም ድረስ በዋነኛነት የሚመነጨው ከዚያ ዘመን ነው። አልሸባብም ወጣቶችን የሚመለምልበት ስብከት ከዚያ ተገኘለት። ቀደም ሲል በፍርድ ቤቶቹ ኅብረት ሥር የነበረ አንድ ክንፍ፣ ከሁለት ዓመት ውጊያ በኋላ የአገሪቱ ዋነኛ ታጣቂ ኃይል ሆኖ ወጣ።

በሰኔ 2000 ዓ.ም. በጅቡቲ በተደረሰው ስምምነት የሽግግር መንግሥቱና ከተቃዋሚዎቹ አንዱ ክንፍ ታረቁ፤ ከዕርቁ ሁኔታዎች አንዱም የኢትዮጵያ ጦር መውጣት ነበር። ኢትዮጵያ በኅዳር 2001 ዓ.ም. ጦሯን እንደምታስወጣ ለአፍሪካ ኅብረትና ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በደብዳቤ አሳወቀች። በጥር ወር መጀመሪያ ሞቃዲሾን ለቀቀች፤ በወሩ አጋማሽ ባይዶዋን። የሽግግር መንግሥቱ ፓርላማ መቀመጫ የነበረችው ባይዶዋ የመጨረሻው የኢትዮጵያ ወታደር በወጣ በሰዓታት ልዩነት በአልሸባብ እጅ ገባች። ቀናት ሳይቆጠሩ ጅቡቲ ላይ የተሰበሰበው የሶማሊያ ፓርላማ ሼክ ሸሪፍ ሼክ አሕመድን ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠ። ሼክ ሸሪፍ የኢትዮጵያ ጦር ከሞቃዲሾ ያባረረው የፍርድ ቤቶቹ ኅብረት ሊቀ መንበር የነበሩ ሰው ናቸው። ኢትዮጵያም ተቀብላ አብራቸው ሠራች።

ይህ ለዲፕሎማሲ አዲስ ነገር አይደለም፤ የትናንት ጠላት የዛሬ ተደራዳሪ ይሆናል። ነገር ግን በሁለቱ ዓመታት ልጇን ያጣች እናት «በመጨረሻ ከሚታረቁት ሰው ጋር ለምን በመጀመሪያ አልተነጋገሩም?» ብላ ብትጠይቅ መልስ ይገባታል። እስካሁን በይፋ የመለሰላት የለም።

አረሙ የተመለሰበት ማሳ

ጦሩ ዳግመኛ የገባው በ2004 ዓ.ም. ነው። በታኅሣሥ በለደወይንን፣ በየካቲት ባይዶዋን ከአልሸባብ አስለቀቀ። በጥር 2006 ዓ.ም. ደግሞ 4,395 ወታደሮች በአፍሪካ ኅብረት የሶማሊያ ተልዕኮ (አሚሶም) ሥር በይፋ ተካተቱ። ከተልዕኮው ውጪ፣ በሁለቱ አገሮች ስምምነት ብቻ የሚንቀሳቀሱ ተጨማሪ ወታደሮችም ነበሩ፤ አሉም። ይህ ልዩነት ተራ የአደረጃጀት ጉዳይ ቢመስልም ኋላ እንደሚታየው ለቤተሰብ ትልቅ ትርጉም አለው።

ከዚያ ወዲህ ያሉት ትናንሽ መውጣቶች ከትልቁ የ2001ዱ መውጣት ይልቅ ለትምህርት ይበጃሉ። በመጋቢት 2005 ዓ.ም. ጦሩ የባኮል ዋና ከተማ ከሆነችው ሁዱር ሳይታሰብ ለቅቆ ወጣ፤ አልሸባብ በዚያው ዕለት ገባ። በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ከሃልጋን፣ ከኤል አሊና ከቲየግሎው ተመሳሳይ መውጣት ሆነ፤ ውጤቱም ተመሳሳይ ነበር። ሃልጋን ከጥቂት ወራት በፊት፣ በሰኔ 2008 ዓ.ም.፣ አልሸባብ በጦሩ ሰፈር ላይ ከባድ ጥቃት ያደረሰባት ስፍራ ናት። ስለዚያ ጥቃት ሁለቱ ወገኖች ፈጽሞ የማይገናኝ የሟቾች ቁጥር አውጥተዋል። ጥቃቱ ተመክቶ፣ ወታደር ወድቆ የተጠበቀችው ከተማ በአምስተኛው ወር ያለ ውጊያ ተለቀቀች።

በእነዚህ ከተሞች የቀሩት ነዋሪዎች ዕጣ በዜና ብዙ አልተነገረም። ከጦሩ ጋር የሠራ፣ ውኃ የሸጠ፣ ያስተረጎመ፣ ልጁን ለአስተዳደሩ ፖሊስ የሰጠ ሁሉ አልሸባብ ሲመለስ ተጠያቂ ይሆናል። በሚቀጥለው ጊዜ ጦሩ ተመልሶ ሲመጣ ታዲያ ማን ይተባበረዋል? ገበሬ ይህን ለመረዳት የጦር ትምህርት አያስፈልገውም። አረሙ ተነቅሎ ዘር ያልተዘራበት ማሳ፣ ዝናብ ሲመጣ ከቀድሞው የባሰ አረም ያበቅላል። ጦሩ አረሙን ነቅሏል፤ ዘሪው ግን፣ ማለትም ደመወዙ በወቅቱ የሚከፈለው የሶማሊያ ፖሊስ፣ ዳኛና የወረዳ አስተዳዳሪ፣ በብዙ ቦታ አልደረሰም።

የመውጣትን ጉዳት የሚያነሡ ወገኖች ሌላም ማስረጃ አላቸው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አልሸባብ ድንበር አቋርጦ ወደ ሶማሌ ክልል አፍዴር ዞን ዘለቀ። የክልሉ ልዩ ኃይልና የመከላከያ ሠራዊት መክተው ቢመልሱትም፣ ቡድኑ የኢትዮጵያን መሬት መርገጥ እንደሚችል አሳይቷል። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ ጦር ትኩረት በሰሜኑ ጦርነት ላይ ነበር፤ ከተልዕኮው ውጪ በሶማሊያ የነበሩ ወታደሮችም ከፊላቸው ጦርነቱ ሲጀመር በ2013 ዓ.ም. ወደ አገር ቤት ተመልሰው ነበር። ይሁንና ይህ ማስረጃ ሁለት ስለት አለው። ጥቃቱ የተሰነዘረው በሺሕ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ወታደሮች አሁንም ሶማሊያ ውስጥ እያሉ ነው። ጦሩ ሩቅ ቦታ ላይ ስለ ሰፈረ ብቻ ድንበሩ ተዘግቷል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

አስተናጋጁ «ውጡ» ሲል

እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ የመውጣት ጥያቄ በዋናነት የኢትዮጵያ የራሷ ነበር። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከሶማሌላንድ ጋር የባሕር በርን የሚመለከት የመግባቢያ ሰነድ ስትፈራረም ነገሩ ተገለበጠ። ሶማሌላንድን የግዛቷ አካል አድርጋ የምትቆጥረው ሶማሊያ ድርጊቱን በሉዓላዊነቷ ላይ እንደ ተቃጣ ቆጠረች፤ በዚያው ዓመትም የኢትዮጵያ ወታደሮች በቀጣዩ ታኅሣሥ ማብቂያ አገሯን ለቅቀው እንዲወጡ እንደምትፈልግ አሳወቀች። በነሐሴ ከግብፅ ጋር የወታደራዊ ትብብር ስምምነት ፈረመች፤ የግብፅ የጦር መሣሪያም ሞቃዲሾ ገባ። በአባይ ጉዳይ ከኢትዮጵያ ጋር የማትስማማው ግብፅ በኢትዮጵያ ምሥራቃዊ ጎረቤት ላይ እግሯን ማስገባቷ አዲስ አበባን አሳሰበ።

የሚገርመው ተቃራኒ ድምፅ የተሰማው ከሶማሊያ ውስጥ መሆኑ ነው። የደቡብ ምዕራብ ክልል አስተዳደርና የጌዶ ባለሥልጣናት የኢትዮጵያ ጦር መውጣት እንደማይፈልጉ በግልጽ ተናገሩ። በባይዶዋ ነዋሪ ዘንድ «ማን ይጠብቀናል» የሚለው ጥያቄ ከሉዓላዊነት ጥያቄ ቀድሞ የሚመጣ ነው፤ የ2001ዱን ጥር የሚያስታውስ ሰው አይፈረድበትም። በሌላ በኩል የክልል አስተዳዳሪ በውጭ ጦር ላይ ተደግፎ ከራሱ ማዕከላዊ መንግሥት ጋር ሲፎካከር፣ ጦሩ ሳያስበው የሌላ አገር የውስጥ ፖለቲካ ምሰሶ ይሆናል። ከዚያ በኋላ መውጣት ይከብዳል።

ውጥረቱ የረገበው በቱርክ ሽምግልና ነው። ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና ፕሬዚዳንት ሐሰን ሼክ ማሕሙድ በአንካራ መግለጫ ተስማሙ። በዚያው ወር የጸጥታው ምክር ቤት አዲሱን የአፍሪካ ኅብረት የድጋፍና የማረጋጋት ተልዕኮ (አውሶም) አጸደቀ፤ የተፈቀደለት ኃይል ፖሊሶችን ጨምሮ እስከ 11,826 ነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. በተደረሰው ድልድል የኢትዮጵያ ድርሻ 2,500 ወታደር ሲሆን፣ ግብፅም 1,091 እንድትልክ ተመደበላት። ብሩንዲ ግን በተመደበላት ቁጥር ሳትስማማ ቀርታ ከተልዕኮው ወጣች። ብሩንዲ ስትወጣ ሰማይ አልተደፋም። ይሁንና ብሩንዲ ከሶማሊያ ጋር ድንበር እንደማትዋሰን መዘንጋት አይገባም።

በአንካራው መግለጫ ውስጥ ብዙ ያልተነገረለት አንድ ሐረግ አለ። ሶማሊያ በአፍሪካ ኅብረት ተልዕኮዎች ውስጥ ሕይወታቸውን ላጡ የኢትዮጵያ ወታደሮች መሥዋዕትነት እውቅና ሰጥታለች። ለወደቁት በይፋ ሰነድ ላይ የሠፈረ ምስጋና በመሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን «በአፍሪካ ኅብረት ተልዕኮዎች ውስጥ» የሚለው ወሰን ሲጤን፣ በ1999 እና በ2000 ዓ.ም. በሞቃዲሾ የወደቁት፣ ከዚያም ወዲህ ከተልዕኮው ውጪ በሁለትዮሽ ስምምነት ተሰማርተው የሞቱት ከሐረጉ ውጪ ቀርተዋል። ለቀብር ያልበቃ ልጅ ያላቸው ወላጆች ልጃቸው በየትኛው መዝገብ ሥር እንደ ዘመተ ማወቅ የሚያስፈልጋቸው ለዚህ ነው።

የአበሉ ጉዳይና የቤቱ ኑሮ

በሰበታም ሆነ በሱሉልታ አንድ ወታደር «ሰላም ማስከበር ደረሰው» ሲባል ቤተሰቡ የሚሰማው ሐዘን ብቻ አይደለም፤ ተስፋም አለበት። በአሚሶም ዘመን የአውሮፓ ኅብረት ለአንድ ወታደር በወር የሚከፍለው 1,028 ዶላር ነበር። በ2008 ዓ.ም. ክፍያውን በአምስተኛ ቀንሶ 822 ዶላር ገደማ አደረሰው። ከዚህ ላይ መንግሥታት የየራሳቸውን ድርሻ ስለሚቀንሱ ወታደሩ እጅ የሚደርሰው ከዚህ ያንሳል። ቢሆንም ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ ቆርቆሮ ለመለወጥ፣ የወተት ላም ለመግዛት፣ እኅትን ኮሌጅ ለማስገባት የሚበቃ ገንዘብ ነው። ይህ ክፍያ ግን ከተልዕኮው ውጪ ለተሰማራው አይደርስም። ሁለት የአንድ ሰፈር ልጆች በአንድ ሜዳ ላይ ለአንድ ዓይነት አደጋ ተጋልጠው የተለያየ ገንዘብ ይዘው የሚመለሱበት ሁኔታ ከዚህ የተነሣ ነው።

አሁን ደግሞ የገንዘቡ ምንጭ ራሱ ደርቋል። የጸጥታው ምክር ቤት በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ባጸደቀው ውሳኔ ቁጥር 2719፣ በአፍሪካ ኅብረት የሚመሩ ዘመቻዎች ወጪያቸው እስከ 75 በመቶ ከተባበሩት መንግሥታት መዋጮ እንዲሸፈን መንገድ ከፍቶ ነበር። ውሳኔው በሶማሊያ ላይ ሥራ ላይ እንዲውል በ2017 ዓ.ም. ሲጠየቅ ግን በአሜሪካ ተቃውሞ ምክንያት ሳይሳካ ቀረ። ተልዕኮው ካለፈው የተላለፈ ዕዳም አለበት። «ማን ይከፍላል?» የሚለው ጥያቄ መልስ ካላገኘ ጦሩ የሚቆየው በኢትዮጵያ ግብር ከፋይ ወጪ ይሆናል፤ ይህም ከቡራዩ ሱቅ ነጋዴ እስከ ሱሉልታ የሣር ሻጭ ድረስ ሁሉንም ይነካል።

እዚህ ላይ የገጠሩን ኑሮ ማስታወስ ተገቢ ነው። የመጀመሪያው ዘመቻ በተካሄደባቸው ዓመታት የአገሪቱ ዓመታዊ የዋጋ ግሽበት በ2000 ዓ.ም. ክረምት ከ60 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት የዳፕ ማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ በቶን ከአንድ ሺሕ ዶላር በላይ ወጣ። ለዚህ ሁሉ ጦርነቱን ተጠያቂ ማድረግ ስሕተት ነው፤ የዓለም ገበያ፣ የገንዘብ አቅርቦትና የበልግ ዝናብ መጥፋት የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። ነገር ግን የውጭ ምንዛሪ በአንድ ኪስ ያለ ገንዘብ ነው። ለነዳጅና ለጦር ስንቅ የወጣው ለማዳበሪያ አይውልም። ያኔ የማሳ ወጪውን ለመሸፈን በሬ የሸጠ ገበሬ ይህን ሒሳብ ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል።

የሰበታ ነዋሪ ደግሞ ከጉዳዩ ጋር የሚያገናኘው ሌላ ክር አለው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር መነሻ ሰበታ ናት። አገሪቱ ማዳበሪያዋንና ነዳጇን የምታስገባው በጅቡቲ በኩል ነው። የሶማሊያው ቀውስ ወደዚህ መስመር ቢዛመት ጉዳቱ ከባድ መሆኑን የመቆየት ደጋፊዎች ያነሣሉ፤ ትክክልም ናቸው። ይሁንና መስመሩ የሚያልፈው በሶማሊያ ሳይሆን በምሥራቅ ኢትዮጵያና በጅቡቲ መሆኑን ካርታ ለሚያይ ሰው ግልጽ ነው። መስመሩን ለመጠበቅ ጦሩ እስከ ሂራን ድረስ መዝለቅ አለበት የሚለው ክርክር ማስረጃ ያስፈልገዋል።

የወጣቱ ነገርም አለ። የአዲስ አበባ መስፋፋት በእነዚህ ከተሞች ዙሪያ የእርሻ መሬትን እየዋጠ የመጣው ለዓመታት ነው። ከ2006 እስከ 2008 ዓ.ም. በማስተር ፕላኑ ላይ የተነሣው ተቃውሞ የዚህ ምሬት መገለጫ ነበር። ከተሞቹ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃልለዋል። አባቱ ያረሰውን መሬት የማይወርስ፣ በከተማውም ቋሚ ሥራ ያላገኘ ወጣት ወደ ሠራዊቱ ሲሄድ የአገር ፍቅር ብቻውን አይደለም የሚገፋው። የሚዘምተው በፈቃዱ ነው ከተባለ፣ ፈቃዱ ከየት እንደ መጣ መመርመርም የክርክሩ አካል ሊሆን ይገባል።

ምን ዓይነት መውጣት?

ጦሩ ነገ ጠዋት ጠቅልሎ ይውጣ የሚለው ሐሳብ በባይዶዋ፣ በሁዱርና በቲየግሎው ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ሦስቴም ወድቋል። አሜሪካ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ከአፍጋኒስታን ስትወጣ የካቡል መንግሥት ከመጨረሻው አውሮፕላን በፊት መፍረሱም ለዓለም ሁሉ የታየ ነው። ላልተወሰነ ጊዜ ይቆይ የሚለው ሐሳብም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ውጤት የለውም። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. አልሸባብ በመካከለኛው ሸበሌ የምትገኘውን አዳን ያባልን ከመንግሥት ኃይል መልሶ ይዟል፤ ይህ የሆነው ከ18 ዓመታት የአፍሪካ ኅብረት ተልዕኮ በኋላ ነው። 18 ዓመት ያልፈታውን ሌላ 18 ዓመት ይፈታዋል ብሎ ለመናገር ማንም ደፍሮ አልተሰማም።

የሚያስኬደው መንገድ ወደ ድንበር በደረጃ መሰብሰብ ይመስላል። በጌዶና በባኮል ድንበር አካባቢ ያለውን ጥበቃ አጠንክሮ፣ ወደ ውስጥ የዘለቁትን ሰፈሮች አንድ በአንድ፣ ተረካቢው የሶማሊያ ኃይል በስፍራው ተገኝቶ ከተረከበ በኋላ ብቻ መልቀቅ ማለት ነው። የርክክቡ ቀን ለሶማሊያ መንግሥትም ለክልሎቹም አስቀድሞ ይነገር፤ ጦሩን ሲረዳ የኖረ ነዋሪም ራሱን የሚያዘጋጅበት ጊዜ ያግኝ። ይህ አካሄድ እንከን አለበት። ቀኑን ማወቅ ለአልሸባብም ይጠቅመዋል፣ የድንበር ቀበቶ የሚባለው ነገርም በሶማሊያ በኩል እንደ መሬት ነጠቃ ሊታይ ይችላል። ሆኖም በሌሊት ሰፈር ነቅሎ ከመውጣት ይሻላል።

ከዚህ በፊት ግን ቆጠራ ያስፈልጋል። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ 121 ሰዎች እንደ ሞቱበትና 536 እንደ ቆሰሉበት ይታወቃል፤ ለመታሰቢያቸውም በአዲስ አበባ ሐውልት ቆሞላቸዋል። ያ ዘመን የዘውድ ዘመን ነበር፤ ተጠያቂነት የሚባለው ቃልም ብዙ አይሰማም ነበር። በሶማሊያ ስለወደቁት ግን መንግሥት ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ያለውን ጠቅላላ ቁጥር ለሕዝብ ይፋ አላደረገም። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት የጠላት ሞራል እንዳይጠነክር የሚል ነው። በውጊያ መካከል ምክንያቱ ሊያስኬድ ይችላል፤ ከ10 እና ከ15 ዓመት በኋላ ግን ቁጥሩን የሚደብቀው ከጠላት ሳይሆን ከራሱ ሕዝብ ይሆናል። አልሸባብ የራሱን ቁጥር፣ አጋንኖም ቢሆን፣ በየጊዜው ያወጣል። ይፋዊ ቁጥር በሌለበት የሚናፈሰው የእርሱ ነው።

ሕገ መንግሥቱ ለዚህ በር ከፍቷል። አንቀጽ 55 የጦርነት አዋጅ የማወጅ ሥልጣንን ለተወካዮች ምክር ቤት ሲሰጥ፣ በዚያው አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅና የሥራ አስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን እንዳለው ይደነግጋል። በ1999 ዓ.ም. ጦሩ እንዲዘምት ምክር ቤቱ ድምፅ ሰጥቷል። እንዲወጣ ወይም እንዲቆይ ሲወሰን ግን ተመሳሳይ ክርክርና ድምፅ አልተሰማም።

የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ መራጮች በምክር ቤቱ ተወካዮች አሏቸው። የመከላከያ ሚኒስቴር የበጀት ዓመቱን ሪፖርት ይዞ ሲቀርብ እነዚህ ተወካዮች ሊጠይቁ የሚችሏቸው ጥያቄዎች የጦር ምሥጢር የሚያወጡ አይደሉም፦ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ሰው ሞተ፣ ስንት ቆሰለ፣ ከእነዚህ ውስጥ በተልዕኮው መዝገብ ያሉት ስንት ናቸው፣ ከመዝገቡ ውጪ ያሉት ቤተሰቦች የጡረታና የካሣ መብታቸውን አግኝተዋል ወይ፣ የሚቀጥለውን ዓመት አበል የሚከፍለውስ ማን ነው?